ከቦሌ እስከ ደለስ ስንት ሰዓት ነው?

ከአዲስ አበባ ቦሌ እስከ ዋሽንግተን ደለስ ያለውን ርቀት የጠየቀ ሰው የሚያገኘው መልስ ብዙ ነው። 11,560 ኪሎ ሜትር የሚል አለ፤ 7,180 ማይል የሚል አለ፤ 6,240 ማይል የሚልም አይጠፋም፤ ከ12,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው ብሎ የሚከራከርም ይገኛል። የሰዓቱም ነገር እንዲሁ ነው። አንዱ «13 ሰዓት ነው» ሲል ሌላው «እኔስ 17 ሰዓት ነው የተቀመጥኩት» ይላል። ሁሉም ልክ ናቸው። አንዱ የለካው የምድርን ቅርጽ ነው፤ ሌላው አውሮፕላኑ የሄደበትን መንገድ ነው፤ ሌላው ደግሞ ወንበር ላይ የቆየበትን ጊዜ ነው።

ነገሩ የእውቀት ጨዋታ ብቻ አይደለም። ዋሽንግተንና በዙሪያዋ ያሉት የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ከተሞች ከአፍሪካ ውጭ እጅግ ብዙ ኢትዮጵያዊ ከሚኖርባቸው ቦታዎች ቀዳሚዎቹ ናቸው። ልጃቸውን ሊያርሱ የሚሄዱ እናቶች፣ ለሠርግ የሚመጡ ቤተሰቦች፣ ለለቅሶ በድንገት ትኬት የሚቆርጡ ሰዎች በዚህ መስመር ይመላለሳሉ። ብዙዎቹ ዕድሜያቸው የገፋ ነው፤ እግራቸው ያብጣል፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ መዋጥ አለባቸው። ለእነሱ በ13 እና በ17 ሰዓት መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም። ይህ ልዩነት ከየት እንደመጣ ስፈትሽ ደጋግሞ የገጠመኝ መልስ አንድ ነው፦ ዋሽንግተንን ከአዲስ አበባ የሚያርቃት ውቅያኖሱ ብቻ አይደለም፤ ቦሌ ራሱ የተቀመጠበት ከፍታም ነው።

ከርቀቱ እንጀምር። 7,180 እና 6,240 ማይል አንድ ርቀት ናቸው። የመጀመሪያው 1,609 ሜትር በሚሆነው በየብስ ማይል፣ ሁለተኛው 1,852 ሜትር በሚሆነው በባሕር ማይል የተቆጠረ ነው። አብራሪዎችና የበረራ ዕቅድ የሚያወጡ ባለሙያዎች በባሕር ማይል ይሠራሉ፤ ቁጥሩ ወደ ተሳፋሪው ሲደርስ የትኛው ማይል እንደሆነ ሳይነገር ይቀርና ግርታው ይጀምራል። በኪሎ ሜትር 11,560 ገደማ ነው። ገደማ ያልኩት ምድር ፍጹም ክብ ስላልሆነች ነው፤ ከመሃሏ እስከ ምድር ወገብ 6,378፣ እስከ ዋልታዎቿ ደግሞ 6,357 ኪሎ ሜትር ነው። ክብ ናት ብሎ የሚያሰላና መጨፍለቋን ከግምት አስገብቶ የሚያሰላ ሰው መልሳቸው በጥቂት ኪሎ ሜትር ይለያያል። በዚህ ግን መጨነቅ አያስፈልግም፤ ልዩነቱ ከመቶ ግማሽ እጅ አይበልጥም።

የሚያሳስተው ሌላ ነው፤ የግድግዳ ካርታ። በካርታው ላይ ማስመሪያ አስቀምጦ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን መስመር የሚያሰምር ሰው መስመሩ ሱዳንንና ቻድን፣ ከዚያም ሰሃራን አቋርጦ በምዕራብ አፍሪካ ዳርቻ ወደ አትላንቲክ ሲወርድ ያያል። በዚያ መንገድ የሚበር አውሮፕላን ግን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ትርፍ ይጓዛል። ሉል ላይ ክር ወጥሮ የሚለካ ሰው የሚያገኘው መንገድ ሌላ ነው። ክሩ ከቦሌ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይወጣል፤ ጎጃምን ተሻግሮ ከካርቱም ብዙ ሳይርቅ በሱዳን ላይ ያልፋል፤ ሊቢያን ከደቡብ ምሥራቅ እስከ ሰሜን ምዕራብ ያቋርጣል፤ የቱኒዚያን ደቡብ ጫፍ ነክቶ በአልጄሪያ በኩል ሜዲትራኒያን ላይ ይደርሳል። ከዚያ ደቡብ ስፔንንና ፖርቱጋልን አልፎ፣ አትላንቲክ መሃል 45ኛውን የሰሜን ኬክሮስ ሊነካ ይቃረብና በካናዳዋ ኖቫ ስኮሺያ ደቡብ በኩል ወደ አሜሪካ ዳርቻ ይወርዳል። ከአፍሪካ ወደ አሜሪካ የሚሄድ ሰው በመስኮቱ ሲያይ አውሮፓ ላይ መሆኑን አይቶ «ለምን ዞርን?» ብሎ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። አልዞረም፤ አጭሩ መንገድ ይኸው ነው።

ለንጽጽር ያህል፣ በምድር ላይ በየትኛውም ሁለት ቦታዎች መካከል ሊኖር የሚችለው ትልቁ ርቀት 20,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የዙሪያዋ እኩሌታ መሆኑ ነው። ከቦሌ ትይዩ በምድር ወዲያኛው ወገን ያለው ነጥብ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ፣ የፈረንሳይ ፖሊኔዥያ ግዛት ከሆኑት ከማርኬሳስ ደሴቶች አጠገብ ይወድቃል። ኑኩ ሂቫ የምትባለው ደሴት ትንሽ አውሮፕላን ማረፊያ ከዚያ ነጥብ የምትርቀው 110 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከቦሌ ተነስቶ ከኑኩ ሂቫ የራቀ አውሮፕላን ማረፊያ ማግኘት አይቻልም። በዚህ ሚዛን ደለስ ከሩቁ ርቀት ግማሽ ትንሽ አለፍ ብላ ነው የምትገኘው።

ዛሬ ያሉት አውሮፕላኖች ደግሞ ከዚህ እጅግ የራቀውን ይችላሉ። የሲንጋፖር አየር መንገድ ከሲንጋፖር እስከ ኒው ዮርክ ኬኔዲ 15,300 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መስመር ያለ ማረፊያ ከ18 ሰዓት በላይ ይበራል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2005 አንድ ቦይንግ 777-200ኤልአር ከሆንግ ኮንግ ተነስቶ በምሥራቅ በኩል ፓሲፊክንና አሜሪካን አቋርጦ ለንደን ሲያርፍ 21,600 ኪሎ ሜትር ያህል በ22 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ሄዷል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ይህንኑ ዓይነት አውሮፕላን እ.ኤ.አ. በ2010 ከአፍሪካ ቀድሞ ተረክቦ ወደ ዋሽንግተን አሰማራው። ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ ግን ሮም ላይ እያረፈ ነዳጅ ይሞላ ነበር። 21,600 ኪሎ ሜትር የሄደ አውሮፕላን 11,560 ለመሄድ ለምን ማረፍ አስፈለገው?

መልሱ ቦሌ ነው። የቦሌ መንደርደሪያዎች ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ላይ ናቸው። ደለስ 95 ሜትር ላይ ነው፤ የሲንጋፖሩ ቻንጊና የኒው ዮርኩ ኬኔዲ ከባሕሩ ጋር እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። በአዲስ አበባ ከፍታና በከተማዋ የተለመደ የሙቀት መጠን አየሩ ባሕር ጠለል ላይ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ክንፍ አውሮፕላንን የሚያነሳው አየርን ገፍቶ ነው፤ ሞተርም ነዳጁን የሚያቃጥለው አየር ስቦ ነው። አየሩ ሲሳሳ ሁለቱም ይደክማሉ።

ይህን መንደርደሪያው ላይ ቆሞ ማሰብ ይቻላል። ያው ክብደት ያለው አውሮፕላን ቦሌ ላይ ከመሬት ለመነሳት ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚያስፈልገው ፍጥነት 15 በመቶ ያህል መጨመር አለበት። እዚያ ፍጥነት ላይ የሚያደርሰው ሞተር ደግሞ ጉልበቱ ቀንሷል፤ ስለዚህ መንደርደሪያውን ረዘም ላለ ጊዜ ይበላዋል። ጎማውም የተሠራለት የፍጥነት ጣሪያ አለው። ከሁሉ የሚከብደው ግን የደኅንነቱ ሕግ ነው፦ አውሮፕላኑ ሊነሳ ሲል አንዱ ሞተር ቢጠፋ በቀረው ሞተር ብቻ ተነስቶ በዙሪያው ያለውን ኮረብታ በበቂ ከፍታ ማለፍ መቻል አለበት። የቦሌ መንደርደሪያዎች 3,700 ሜትርና ከዚያ በላይ ርዝመት አላቸው፤ ይህ በየትም አገር ትልቅ የሚባል ነው። ቢሆንም ከላይ የተቆጠሩት ሁሉ ተደምረው ሲሰሉ ውጤቱ አንድ ነው፤ አውሮፕላኑ ሙሉ ክብደቱን ይዞ ከቦሌ መነሳት አይችልም።

ታዲያ ምን ይቀነስ? ቦይንግ 787-8 ድሪምላይነርን እንውሰድ፤ አየር መንገዱ ይህንንም በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ከአፍሪካ ቀድሞ ያስገባው ነው። ሲነሳ የሚፈቀድለት ከፍተኛ ክብደት 228 ቶን ያህል ነው። ጋኖቹ ሙሉ ሲሆኑ ነዳጁ ብቻ 100 ቶን ይሆናል፤ ከጠቅላላው ክብደት ከአርባ በመቶ በላይ ማለት ነው። የሚቀነሰው ሰው፣ ጭነት ወይም ነዳጅ ነው። ተሳፋሪ ቢቀንስ ወንበሩ ባዶ ይሄዳል፤ ጭነት ቢቀንስ ገቢው ይጎድላል። ነዳጅ ቢቀንስ ግን ዝቅ ያለ ቦታ አርፎ መሙላት ይችላል። አየር መንገዱ የመረጠው ይህን ሦስተኛውን ነው፤ ትክክለኛ ምርጫ ይመስለኛል።

ለዚህ ከፍታ የተቃራኒውን ማስረጃ የሚሰጥ አንድ ታሪክ አለ። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ በዘመቻ ሰሎሞን፣ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ከአውሮፕላኖቹ አንዱ፣ የኤል አል ቦይንግ 747፣ ከ1,000 በላይ ሰው ጭኖ ተነሳ፤ በአንድ አውሮፕላን ከተጓዙት ሰዎች ብዛት ክብረ ወሰን ሆኖ ተመዝግቧል። ያን ሁሉ ሰው ይዞ ከዚያው ከሳሳው አየር እንዴት ተነሳ? ወንበሮች ወጥተው ነበር፤ የተጫኑት ሰዎች ጓዝ አልነበራቸውም፤ ከሁሉ በላይ ግን ቴል አቪቭ 2,600 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነች ነዳጁ ጥቂት ነበር። ዱባይ፣ ሪያድ፣ ጅዳና ቤይሩት ለሚመላለሱ ወገኖቻችንም የቦሌ ከፍታ የማይሰማቸው በዚሁ ምክንያት ነው። አራት ሰዓት የማይሞላ ወይም ትንሽ የሚያልፍ በረራ ጋኑን አያስሞላም። ከፍታው የሚያስከፍለው ሩቅ የሚሄደውን ነው።

ከዋሽንግተን ሲመለሱ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ደለስ ዝቅ ያለ ነው፤ አየሩ ወፍራም ነው፤ አውሮፕላኑ ጋኑን ሞልቶ ይነሳል። ቦሌ ሲደርስ ነዳጁ ተቃጥሎ ስላለቀ ቀሎ ያርፋል። ይህ ከተረጋገጠ ቆይቷል። ግንቦት 24 ቀን 1976 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አዲስ የገዛው ቦይንግ 767-200ኢአር ከዋሽንግተን ተነስቶ ያለ ማረፊያ አዲስ አበባ ገባ። የተመዘገበለት ርቀት 12,082 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ባለ ሁለት ሞተር ጄት እስከዚያ ቀን ካደረገው በረራ ሁሉ ረጅሙ ነበር። ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ውቅያኖስ ማቋረጥ የለበትም የሚለው ጥርጣሬ ገና ባልጠፋበት ዘመን ይህን ያሳየው መስመር የእኛው መስመር መሆኑ ብዙ ጊዜ ተረስቶ ይቀራል። 12,082 ከአጭሩ ቅስት በ500 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚበልጥም ልብ ይሏል፤ መጀመሪያ ላይ ያነሳነው «ከ12,000 በላይ» የሚለው መልስ ከአየር የመጣ አይደለም።

ሁለቱ አውሮፕላን ማረፊያዎች በዕድሜ መንትያ ናቸው። ደለስ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1962 ተመረቀ። ቦሌም በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ አዲሱ መንደርደሪያው ሥራ ጀመረ፤ የቀድሞው የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ አየር መንገዱ ላዘዛቸው ቦይንግ 720 ጄቶች አጥሮ ስለነበር ነው። ሁለቱም ለጄት ዘመን የተሠሩ ናቸው፤ አንዱ ሜዳ ላይ፣ አንዱ ተራራ ላይ።

ወደ ማረፊያው እንመለስ። የዋሽንግተኑ በረራ በየዘመኑ ሮም፣ ደብሊን፣ ሎሜ እያረፈ ሄዷል። እዚህ ላይ አስልቼ ያገኘሁት ውጤት ራሴንም አስደንቆኛል። በሮም በኩል ሁለቱን ቅስቶች ብንደምር 11,710 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ያለ ማረፊያ ከሚሆነው የሚበልጠው በ150 ብቻ ነው፣ ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ከመሄድ ብዙም አይበልጥም። በደብሊን በኩል ትርፉ 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሎሜ በኩል ግን ከ1,100 በላይ ይሆናል፤ ሎሜ የምትመረጠው አጭር ስለሆነች ሳይሆን በምዕራብ አፍሪካ ተሳፋሪ የሚወርድባትና የሚሳፈርባት ማዕከል ስለሆነች ነው። እንግዲህ መንገደኛውን የሚያደክመው የተጨመረው ኪሎ ሜትር አይደለም። ለማረፍ ዝቅ ማለት፣ ወደ ማቆሚያ ማዝገም፣ ነዳጅ መሙላት፣ የበረራ ሠራተኛ መለወጥ፣ ተራ ጠብቆ እንደገና ተንደርድሮ መነሳት፣ ይህ ሁሉ ተደምሮ ሁለት ሰዓትና ከዚያም በላይ ይወስዳል። ተሳፋሪው ብዙ ጊዜ ከአውሮፕላኑ ሳይወርድ ነው የሚጠብቀው።

በመሄጃና በመመለሻ መካከል ያለው ልዩነት አራት ሰዓት ያህል ነው። ሁለት ሰዓት ተኩሉ የማረፊያው ከሆነ የቀረው አንድ ሰዓት ተኩል የነፋስ ነው። ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ በሰሜኑ መካከለኛ ኬክሮስ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ጄት ስትሪም የሚባል የነፋስ ወንዝ አለ። የሰሜኑ አገሮች ክረምት ሲበረታ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል። ጃፓናዊው የአየር ጠባይ ተመራማሪ ዋሳቡሮ ኦይሺ በ1920ዎቹ ፊኛ እየለቀቀ መዝግቦት ነበር፤ ግኝቱን በኤስፔራንቶ ቋንቋ ስላሳተመው ከጃፓን ውጭ ልብ ያለው ሰው አልነበረም። ጉልበቱን ለማየት እ.ኤ.አ. የካቲት 2020ን ማስታወስ ይበቃል፤ በከባድ ማዕበል ወቅት አንድ የብሪቲሽ ኤርዌይስ 747 ከኒው ዮርክ ለንደን አምስት ሰዓት ሳይሞላ ገባ፤ በተለመደው ቀን ከስድስት ሰዓት በላይ የሚፈጅ መንገድ ነው። በእኛ መስመር ስሌቱ ቀላል ነው። አውሮፕላኑ በአየር ውስጥ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ከሆነና ነፋሱ በአማካይ 50 ቢሆን፣ ነፋሱን ከኋላው አድርጎ 11,560 ኪሎ ሜትሩን በ12 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ይጨርሳል፤ ነፋሱን ፊት ለፊት ሲጋፈጥ 13 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ይፈጅበታል። መሬት ላይ የሚያዘግምበት ሲጨመር ከደለስ ቦሌ 13 ሰዓት የሚባለው እውነት መሆኑ ይታያል።

ርቀቱን የሚያስረዝም ሌላም አለ፤ ጦርነት። ከላይ በሉሉ ላይ የወጠርነው ክር 3,000 ኪሎ ሜትር ያህሉ በሱዳንና በሊቢያ ሰማይ ላይ ያልፋል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ የሱዳን የአየር ክልል ለመንገደኛ አውሮፕላኖች ተዘጋ። የሊቢያን ሰማይ ብዙ አየር መንገዶች ከዚያ አስቀድሞም ለዓመታት ሲሸሹት ኖረዋል። ስለዚህ ዛሬ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚሄድ አውሮፕላን የሚያስበው አጭሩን መንገድ ሳይሆን የተፈቀደለትን መንገድ ነው፤ በቀይ ባሕርና በግብፅ በኩል ዞሮ ይወጣል። ከዚህ ቀደም ደግሞ ከ1990 እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ ኤርትራ ለኢትዮጵያ አውሮፕላን ዝግ ነበረች፤ ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. አስመራ ላይ ያረፈው በረራ ያን ሃያ ዓመት ሰበረው። በሌላው ዓለምም እንዲሁ ነው። ሩሲያ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 ሰማይዋን ለአውሮፓውያን ስትዘጋ ከሄልሲንኪ ቶኪዮ 9 ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጅ የነበረው የፊንኤር በረራ ወደ 13 ሰዓት ገደማ አደገ። የሁለቱ ከተሞች ርቀት አንድ ሜትር አልተለወጠም።

እስካሁን ያልነው የአውሮፕላኑን ነገር ነው። ቤተሰብ ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚቸገረው በትኬቱ ነው፤ በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

እንበል በትኬቱ ላይ ከአዲስ አበባ መነሻ 22:30፣ ዋሽንግተን መድረሻ በማግሥቱ 08:30 ተብሎ ተጽፏል። የሚቀንስ ሰው 10 ሰዓት ያገኛል፤ «ደግሞ ለ10 ሰዓት ምን ያስፈራል?» ብሎ እናቱን ያበረታታል። የተጻፉት ሰዓቶች ግን የየአገራቸው ናቸው። አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን እ.ኤ.አ. በመጋቢት ወደ ፊት፣ በኅዳር መጀመሪያ ወደ ኋላ ያዞራሉ፤ ስለዚህ ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በበጋቸው በ7፣ በክረምታቸው በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። በበጋ ከሆነ በ10 ላይ 7 ይጨመርና 17 ሰዓት ይሆናል። በመመለሻው ደግሞ 11:00 ተነስቶ በማግሥቱ 07:00 ይገባል ቢል፣ ሲቀነስ 20 ሰዓት የሚመስለው 7 ሲነሳለት 13 ብቻ ነው። ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ይደመራል፣ ወደ ምሥራቅ ሲመለሱ ይቀነሳል። ይህን ብቻ የያዘ ሰው ማንኛውንም ትኬት በትክክል ማንበብ ይችላል።

በዚህ ላይ የእኛ ሰዓት አቆጣጠር ይጨመራል። 22:30 ለእኛ ማታ 4:30 ነው፤ 07:00 ጠዋት 1 ሰዓት ነው። ከአሜሪካ የደወለ ልጅ «ሰባት ሰዓት ላይ ይገባሉ፣ ተቀበሏቸው» ሲል አዲስ አበባ ያለው ወንድም የቀኑን ሰባት ሰዓት ይይዛል፤ እናት ስድስት ሰዓት ሙሉ ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ከዚህ የሚብሰው የእኩለ ሌሊቱ ነው። ትኬቱ ሐሙስ 00:40 ቢል፣ ፈረንጁ ቀኑን እኩለ ሌሊት ላይ ስለሚለውጥ፣ ለእኛ ረቡዕ ሌሊት ከ6:40 ነው። ሐሙስ ማታ ሻንጣውን ጭኖ ቦሌ የሚደርስ መንገደኛ አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን እንዳለፈው የሚሰማው እዚያ ቆሞ ነው። ትኬት የሚቆርጡ ቢሮዎች በኢትዮጵያ ሰዓትና በኢትዮጵያ ቀን «ረቡዕ ማታ 3 ሰዓት ቦሌ ይገኙ» የሚል አንድ መስመር በእጅ ቢጽፉበት ስንት ሰው በተረፈ ነበር። አንዳንዶች ያደርጉታል፤ ሁሉም ሊያደርጉት ይገባል። ማረፊያ መኖሩንም እንዲሁ። አውሮፕላኑ ስላልተለወጠና የበረራ ቁጥሩ አንድ ስለሆነ «ቀጥታ ነው» ተብለው የተሳፈሩ እናት፣ ሌሊት ደብሊን ወይም ሎሜ ላይ ሲያርፉ ዋሽንግተን የደረሱ መስሏቸው ሊነሱ ይችላሉ። አስቀድሞ መንገር ምንም አያስከፍልም።

የአየሩ ሰዓት ደግሞ የጉዞው ሰዓት አይደለም። ቦሌ ላይ ከበረራው ሦስት ሰዓት ቀድሞ መገኘት አለ። ደለስ ሲደርሱ ከአውሮፕላኑ ወደ ኢሚግሬሽን አዳራሽ ብዙ ጊዜ የሚወስደው ከፍ ዝቅ የሚል ትልቅ ተሽከርካሪ ነው፤ ማረፊያው ሲከፈት ጀምሮ ያለ የዚያ ቦታ ልዩ ነገር ነው። ከዚያ ሰልፉ፣ ጥያቄው፣ ሻንጣው፣ ጉምሩኩ ይከተላል። ከቤት እስከ ቤት ሲቆጠር 17ቱ ሰዓት ከ22 አያንስም። ዊልቸር የሚያስፈልጋቸውን ትኬቱ ሲቆረጥ ማስመዝገብ እዚህ ላይ ትልቅ ዕረፍት ነው።

ወደፊትስ? ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ ላይ የታቀደው አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ከቦሌ በ400 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለ ነው። ይህ በሌላ አገር ተሞክሮ ያውቃል። የኢኳዶር ዋና ከተማ ኪቶ 2,800 ሜትር ላይ የነበረውን ማረፊያዋን እ.ኤ.አ. በየካቲት 2013 ዘግታ 2,400 ሜትር ላይ ወዳለው፣ 4,100 ሜትር መንደርደሪያ ወዳለው አዲስ ማረፊያ ስትዛወር ልዩነቱ ያው 400 ሜትር ነበር፤ ከባድ አውሮፕላኖችም ከቀድሞው የበለጠ ክብደት ይዘው የሚነሱበት ዕድል ተከፈተላት። ለእኛ ግን ተስፋውን በልኩ መያዝ ይሻላል። አቡሴራ ላይ የአየሩ ግፊት ቦሌ ላይ ካለው የሚበልጠው በአምስት በመቶ ያህል ነው። አምስት በመቶ ለብዙ ቶን ነዳጅ ቦታ ይሰጣል፤ ከፍታውን ግን አያጠፋውም፤ ማረፊያው አሁንም ከጆሃንስበርግ ከፍ ብሎ ነው የሚቀመጠው። ጆሃንስበርግ 1,700 ሜትር ላይ ሆናም የደቡብ አፍሪካ አየር መንገድ ለዓመታት ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ ዳካር ላይ ያርፍ ነበር።

ወሳኞቹ የመንደርደሪያው ርዝመትና የሚመጡት አውሮፕላኖች ናቸው። አየር መንገዱ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ከአፍሪካ ቀድሞ ኤርባስ ኤ350-1000 ተረክቧል፤ ቦይንግ 777-9ም አዝዟል። ዝቅ ካለ ቦታ፣ ረዘም ካለ መንደርደሪያ፣ በቀዝቃዛ ሌሊት የሚነሳ እንዲህ ያለ አውሮፕላን ዋሽንግተንን ሳያርፍ የሚይዝበት ቀን ሊመጣ ይችላል። ያ ቢሆን የማረፊያው ሁለት ሰዓት ተኩል ይቀራል፤ 17ቱ ሰዓት ወደ 14 ተኩል ይወርዳል። የነፋሱ አንድ ሰዓት ተኩል ግን ባለበት ይኖራል፤ ወደ ምዕራብ የሚሄደው ሁልጊዜም ወደ ምሥራቅ ከሚመለሰው ዘግይቶ ይገባል።